የኮምቦልቻ ዋልካ፦ የሚያብጥና የሚሰነጠቅ አፈር

ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ለመድረስ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ይበቃል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ። በዚህች አጭር መንገድ አፈሩም አብሮ ይለወጣል። ተዳፋቱ ላይ ስስና ድንጋያማ ነው። የቦርከና ሜዳ ላይ ሲደርሱ ግን ከጫማ አልላቀቅ የሚል ጥቁር ዋልካ ያገኛሉ። መረሬ የሚሉትም አሉ።

የወሎ ተራሮች አብዛኛው ድንጋይ ባዝልት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው። ድንጋዩ ሲበሰብስ በውስጡ ያለው ሲሊካና ማግኒዚየም በውኃ እየሟሟ ወደ ሜዳው ይወርዳል። ውኃ በሚተኛበትና መልሶ በሚደርቅበት ቦታ ስሜክታይት የሚባል የሸክላ ማዕድን ይፈጠራል። ዋልካን ዋልካ ያደረገው ይህ ማዕድን ነው።

ስሜክታይት መሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ ነው። የአንዱ ንብርብር ውፍረት የአንድ ሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ነው። በንብርብሮቹ መሀል ያሉት ካልሲየምና ሶዲየም ውኃ ይስባሉ። ውኃ ሲገባ ንብርብሮቹ ይራራቃሉ፣ ሲደርቅ መልሰው ይጠጋጋሉ። የአንድ ግራም ስሜክታይት ገጽ በሙሉ ቢዘረጋ 700 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን ሁሉ ገጽ ነው ውኃ የሚያገኘው። ቀይ አፈር ውስጥ የሚበዛው ካኦሊናይት ግን ንብርብሩ ጥብቅ ስለሆነ ብዙም አያብጥም።

ደቡብ ወሎ ደግሞ በልግም ክረምትም ያያል። ሁለቱም በደህና ከዘነቡ አፈሩ በዓመት ሁለቴ ያብጣል፣ ሁለቴ ይኮማተራል። በበጋ ዋልካ ማሳ ውስጥ የገባ ሰው ስንጥቁን ያውቀዋል፤ እጅ እስከ ክርን የሚገባበት አለ። ዝናብ ሲጀምር ውኃው በስንጥቁ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። አፈሩ አብጦ ስንጥቁ ሲዘጋ ግን መውረጃ ያጣና ማሳው ላይ ይተኛል። ለዚህ ነው ገበሬው ጭቃ የሚችለውን ጤፍ የሚዘራበት። ሽምብራና ጓያ ደግሞ ዝናቡ ሲወጣ ይዘሩና አፈሩ ባስቀረው እርጥበት ይበቅላሉ። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ጥቁር አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ይሸፍናል።

ወደ ቤት እንምጣ። ግድግዳ ሲሰነጠቅ ብዙ ሰው «አፈሩ ደካማ ነው» ይላል። እኔ አልስማማም። በጥር ዋልካ በዶማ የቆፈረ ሰው ምን ያህል እንደሚጠነክር ይናገር። ቤት የሚሰብረው እርጥበቱ እኩል አለመሆኑ ነው። ከወለሉ መሀል ሥር ያለው አፈር ፀሐይ አያገኘውም፣ ዳር ዳሩ ግን ይረጥባል፣ ይደርቃል። ከጣሪያ የሚወርድ ውኃ አንዱን ጥግ ብቻ ካራሰ ያ ጥግ ይነሳል። ስንጥቁ ከመስኮቱ ማዕዘን ይጀምርና በብሎኬቱ መጋጠሚያ እንደ ደረጃ እየረገጠ ወደ ጎን ይወጣል። በሐምሌ አልዘጋ ያለው በር በጥር ሰተት ብሎ ይዘጋል። በበጋ ሲሚንቶ ለስኖ ቀለም መቀባት ለጥቂት ወር ነው።

ከባድ ፎቅ አፈሩን ተጭኖ ይይዘዋል። የሚጎዳው ቀላሉ ነው፦ ባለ አንድ ወለል ቪላ፣ አጥር፣ የእግረኛ መንገድ፣ የውኃ ቧንቧ። የእንጨትና የጭቃ ቤት ትንሽ ይተጣጠፋል፣ ብሎኬት ግን ይሰነጠቃል እንጂ አይተጣጠፍም።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ዋልካው ጥልቅ ካልሆነ ጠርጎ ማውጣትና በገረጋንቲ እየጠቀጠቁ መሙላት፤ ጥልቅ ከሆነ መሠረቱን የወቅቱ እርጥበትና ድርቀት ከማይደርስበት አፈር ላይ ማሳረፍ። ለመንገድ ኖራ ይደባለቃል፤ የኖራው ካልሲየም የአፈሩን እብጠት ይቀንሳል። ገረጋንቲው ውኃ የሚያስገባ ከሆነ ግን ጉድጓዱ ገንዳ ይሆናል፣ ዋልካውም ከሥሩ ይጠጣል። ስለዚህ ከሁሉም በፊት አሸንዳ! ቢያንስ አንድ ሜትር የሚሰፋ፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ ዙሪያ ይጨመርበት። የልብስ እጣቢ ግድግዳ ሥር አይደፋ። ባሕር ዛፍም ከቤቱ ይራቅ፣ ሥሩ አፈሩን በአንድ ወገን ያደርቃልና።

ቦታ የሚገዛ ሰው አንድ ነገር ያስፈትሽ። 10 ሚሊ ሊትር ደረቅ የአፈር ዱቄት 100 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ባለ ልክ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ይጨመርና ያድራል። በማግስቱ አፈሩ 20 ሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ፣ የዚያ ቤት መሠረት ገና ድንጋይ ሳይገዛ ከባለሙያ ጋር መመከር አለበት።