የግንባታ ፈቃድ የቅርስ ፈቃድ አይደለም

አክሱም ውስጥ የቤት መሠረት ሲቆፈር ጥንታዊ ግንብ ወይም መቃብር ብቅ ማለቱ እንግዳ ነገር አይደለም። የዛሬዋ ከተማ የቆመችው በጥንቷ አክሱም ላይ ነው። በሦስት ቋንቋ ከተቀረጹት የንጉሥ ኢዛና ድንጋዮች አንዱን እንኳ ያገኙት ገበሬዎች ናቸው። ብዙ ሰው ግን «ማዘጋጃ ቤቱ ፈቅዶልኛል» ብሎ ቁፋሮውን ይቀጥላል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው።

ማዘጋጃ ቤት የሚሰጠው የግንባታ ፈቃድ ነው። በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን የሚፈቅደው የፌዴራሉ የቅርስ ባለሥልጣን ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በከለለው ቦታማ ለተራ ግንባታም የባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለባለሥልጣኑ ማስታወቅ፣ እስኪረከበውም ሳይነካካ መጠበቅ አለበት። ባለሥልጣኑ በስድስት ወር ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ፣ አግኚው ለክልሉ መንግሥት በጽሑፍ አሳውቆ ከኃላፊነቱ ነፃ ሊሆን ይችላል። ስድስት ወር! ሲሚንቶና ብረት ገዝቶ ለሚጠብቅ ቤተሰብ ይህ ከባድ ነው፤ ሸክሙን ሳይጋሩ ባለቤቱን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም።

የከተማ አስተዳደሩ ድርሻ የሚጎላውም ለዚህ ነው። የመጨረሻው ቃል የእርሱ ባይሆንም የቦታ ካርታውና የፈቃድ መዝገቡ በእጁ ነው። ከመፍቀዱ በፊት ቦታውን ከቅርስ ባለሙያ ጋር ቢያይ፣ ግኝት ሲሰማ በዕለቱ ቢያስታውቅ፣ ባለቤቱ የሚጠብቅበት ጊዜ ያጥራል። አዋጁ ቅርስ ላስረከበ ሰው ተገቢ ሽልማት እንዲሰጥ ያዛል፤ ይህንንም ፈቃዱን ሲሰጥ ለባለቤቱ ሊነግረው ይገባል።