ከቀረጥ ነፃ የምርምር መሣሪያ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አራት ኪሎ ሳይንስ ፋካልቲ አካባቢ ቡና ላይ የምርምር መሣሪያ ወሬ ከተነሳ፣ የጉምሩክ ወሬ መከተሉ አይቀርም። መሣሪያው መጋዘን ተቀምጧል። የፕሮጀክቱ ጊዜ እያለቀ ነው። የማስተርስ ተማሪው ናሙናውን ፍሪዘር ውስጥ ከቶ ይጠብቃል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ መነሻው የተሳሳተ ግምት ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«ዩኒቨርሲቲ ስለሆንን በራሱ ነፃ ነው»

አይደለም። ነፃ የሚሆነው ፈቃድ የወጣለት ዕቃ ነው። ፈቃዱ የገንዘብ ሚኒስቴር ጉዳይ ነው። ጉምሩክ ደግሞ የፈቃድ ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ከመጣው ዕቃ ጋር ያመሳክራል። ፈቃዱ የሚወጣውም በተቋሙ ስም ነው። ፕሮፌሰሩ ከኮንፈረንስ ሲመለሱ በሻንጣ ይዘው የመጡት ስፔክትሮሜትር «ለምርምር ነው» ስለተባለ ብቻ አያልፍም።

«ስጦታ ነው፤ ምን ይቀረጣል?»

ቀረጥና ታክሱ የሚታሰበው ዕቃው አገር ውስጥ በመግባቱ ነው፤ እኛ ከፈልን አልከፈልን ለውጥ የለውም። የውጭ አጋር ዩኒቨርሲቲ ያገለገለ ሴንትሪፉጅ በነፃ ቢልክልንም ጉምሩክ ዋጋ ያወጣለታል። የማጓጓዣውና የኢንሹራንሱ ወጪም ይደመርበታል። ስለዚህ ስጦታም ፈቃድ ይፈልጋል። ኢንቮይስ ላይ ዜሮ ማስጻፍ ደግሞ ጥያቄ ይጋብዛል እንጂ አይጠቅምም። ላኪው ተመጣጣኝ ዋጋ ይጻፍ፤ ስጦታ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤም ያያይዝ።

«የላብራቶሪ ዕቃ ቀረጡ ትንሽ ነው፤ ከፍለን እንገላገል»

እስቲ እናስላው። መሣሪያው ከነማጓጓዣውና ከነኢንሹራንሱ 1,000,000 ብር ነው እንበል። የጉምሩክ ቀረጡን 5 በመቶ ብንይዝ 50,000 ብር ነው። ቫት 15 በመቶ የሚታሰበው በሁለቱ ድምር ላይ ስለሆነ 157,500 ይመጣል። ሱር ታክስ የሚባለው ተጨማሪ ታክስ 10 በመቶ ደግሞ በዚህ ሁሉ ድምር ላይ ሲያርፍ 120,750 ይሆናል። ባጠቃላይ 328,250 ብር። ሌሎች ክፍያዎች ገና አልተጨመሩም። በዚህ ገንዘብ ስንት ኬሚካል ይገዛ ነበር!

«ደብዳቤው ላይ "የላብራቶሪ ዕቃ" ከተባለ ይበቃል»

ብዙ መሣሪያ የሚታሰረው እዚህ ጋ ነው። ጋዝ ክሮማቶግራፍ (የድብልቅ ናሙናን ይዘት ለያይቶ የሚመረምር ማሽን) አዘዝን እንበል። የሚመጣው አንድ ካርቶን አይደለም። ዋናው ማሽን አለ። ናሙናውን በራሱ የሚያስገባው አውቶሳምፕለር አለ። ናሙናው የሚለይባቸው ቱቦዎች፣ ኮለሞቹ፣ በትንሽ ሣጥን ለብቻቸው ታሽገዋል። ኮምፒውተርና ፕሪንተርም አብረው ይላካሉ። ማሽኑ በታሪፍ መጽሐፉ ምዕራፍ 90 ሥር፣ በቁጥር 9027 ላይ ይመደባል። ኮምፒውተሩ ዘግይቶ ለብቻው ከመጣ ግን 8471 ነው፤ የጉምሩክ ፈታሹ የሚያየው ማንኛውም ቢሮ ሊገዛው የሚችል ኮምፒውተር ነው። ደብዳቤው ካልጠቀሰው ፈታሹ ቢያቆመው ልክ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ከነሞዴል ቁጥሩና ከነብዛቱ ይዘርዘር። ፕሮፎርማው፣ ኢንቮይሱ፣ ፓኪንግ ሊስቱና የፈቃድ ጥያቄው በአንድ ስም ይጥሩት። ይህን ዝርዝር ማዘጋጀት ያለበት መሣሪያውን የሚያውቀው ተመራማሪ ነው። ግዥ ክፍል ላይ ጥሎ መሄድ ተገቢ አይመስለኝም።

«መጀመሪያ ይምጣ፤ ፈቃዱ ይደርሳል»

ፈቃዱ የመጋዘን ኪራይ አይሸፍንም። ዴመሬጅም (ዕቃው ወይም ኮንቴይነሩ ከጊዜው በላይ ሲቆይ የሚከፈለው)፣ የትራንዚተር ክፍያም አይሸፍንም። ደብዳቤ እስኪወጣ ቦሌ ካርጎ ወይም ሞጆ ደረቅ ወደብ የተቀመጠ ዕቃ በየቀኑ ኪራይ ይቆጥራል። ጥያቄው ዕቃው ከመጫኑ በፊት ይግባ። መሣሪያው ጨረር አመንጪ ምንጭ ካለው የጨረር ተቆጣጣሪው ፈቃድም ለብቻው ያስፈልጋል።

«እኛን ብቻ ነው እንዲህ የሚያስጨንቁት»

እንዲያውም አሠራሩ ዓለም አቀፍ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1950 ባጸደቀው የፍሎረንስ ስምምነት ሳይንሳዊ መሣሪያ ለትምህርትና ለምርምር ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ ተፈቅዷል፤ ግን ተመሳሳይ ሳይንሳዊ ጥቅም ያለው መሣሪያ አገር ውስጥ የማይመረት ከሆነ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣችው ሕግ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ በመንግሥት ጋዜጣ ይወጣል፤ በ20 ቀን ውስጥ አስተያየት ይቀበላሉ። የአገሬው አምራች «እኔ እሠራዋለሁ» ብሎ ሊቃወም ይችላል። ተመራማሪውም «ለአጠቃቀም ይመቸኛል» ማለቱ ብቻ አይበቃውም፤ ምርምሩ ያንን መሣሪያ የግድ እንደሚፈልግ ማስረዳት አለበት።

«አንዴ ከገባ የራሳችን ነው»

ለተፈቀደለት ዓላማ፣ አዎ። ለግል ላብራቶሪ መሸጥ ወይም ለሌላ ድርጅት ማስተላለፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያለ ጉምሩክ ፈቃድ አይቻልም፤ ነፃ የተደረገው ቀረጥና ታክስም ሊጠየቅ ይችላል። የውጭ ተመራማሪ ለመስክ ሥራ ይዞት የሚመጣ መሣሪያ ከሆነ ደግሞ መንገዱ በጊዜያዊነት ማስገባት ነው፤ ዋስትና ይያዛል፣ ሥራው ሲያልቅ መሣሪያው ተመልሶ ይወጣል። የፈቃድ ደብዳቤውንና የዲክላራሲዮኑን (ዕቃው ለጉምሩክ የተገለጸበትን ሰነድ) ኮፒ ከመሣሪያው ማኑዋል ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አድርጉ፤ የላብራቶሪ ኃላፊ ሲቀየርም በርክክብ ሰነዱ ላይ አስፍሩት።