«እኔ ጥቁር ነኝ፣ ፎቶ አይወጣልኝም» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

ባሕር ዳር ላይ በካሜራ እንጀራ መብላት ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ሰርግና ክርስትና አነሳለሁ፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ደግሞ ካሜራ ያንጠለጠለ እንግዳ ይዤ ወደ ጮቄ፣ ወደ ጉና፣ ወደ ስሜን ተራሮች እወጣለሁ። እንግዳው ከአዲስ አበባም ይምጣ ከባሕር ማዶ፣ መኪናው ገና ከከተማ ሳይወጣ የሚነግረኝ ነገር ተመሳሳይ ነው። አንዱን ሰምቼ ዝም እላለሁ፣ ሌላውን በሳቅ አሳልፋለሁ። አንደኛው ግን ሆዴን ያቆስለዋል፤ እሱን በኋላ ሰፋ አድርጌ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ቀለል ቀለል ያሉት ይለፉ።

«ጥሩ ካሜራ ስላለህ ነው።» ጮቄ ሥር ካነሳኋቸው ፎቶዎች ውስጥ ባለቤቶቹ ግድግዳቸው ላይ የሰቀሏቸው ሦስቱ በስልኬ ያነሳኋቸው ናቸው።

«ድሮን ይዤ ልምጣ?» ያለ ፈቃድ አይሆንም። አየር ማረፊያ ላይ ይያዝባችኋል፣ እኔም አላማልድም።

«ሴት ወደ ጣና ገዳማት አትገባም።» ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ አትገባም። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ትገባለች፤ ስንቷ እህት በሰው ወሬ ጀልባ ሳትሳፈር ተመልሳለች። ወንድም ሆነ ሴት፣ የገባ ሰው መቅደሱ ግድግዳ ላይ ባሉት ሥዕሎች ፍላሽ አያብራ።

«ጢስ ዓባይ ደርቋል አሉ።» አልደረቀም፤ የመጣችሁት በመጋቢት ነው። ፏፏቴው ከከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅም ውኃው የሚመጣው ከጣና ነው። ከሐይቁ መውጫ ላይ ውኃውን የሚቆጣጠር ግድብ አለ፣ ፏፏቴው አጠገብ የኤሌክትሪክ ማመንጫ አለ፣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጣና በለስ ጣቢያ ከሐይቁ ውኃ እየወሰደ ወደ በለስ ወንዝ ይለቃል። በበጋ የሚቀረው እንደ ነጠላ ጥለት የቀጠነ ነው። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ኑ፤ ጢሱ ሌንሳችሁን ያርሰዋልና የምትጠርጉበት ጨርቅ አትርሱ። ክረምቱ ሲወጣ አየሩም ታጥቦ ስለሚጠራ ተራራው በደንብ የሚታየው ያኔ ነው። ከየካቲት በኋላ አቧራው አድማሱን ሁሉ ዱቄት ያስመስለዋል።

«ራስ ዳሸን ጫፍ ካልወጣሁ ስሜን ሄድኩ አልልም።» ለጉልበታችሁ ከሆነ ውጡ፣ እግዚአብሔር ያበርታችሁ። ለፎቶ ከሆነ ግን ከ4,500 ሜትር በላይ ከሆነ ቦታ ቁልቁል ሲታይ ሌላው ተራራ ሁሉ ጎብጦ ጉብታ ይመስላል። እዚያው ስሜን ውስጥ ያለው ኢሜት ጎጎ 3,926 ሜትር ነው፤ ገደሉ ሦስት ጎኑን የበላው ስለሆነ እዚያ የቆመ ሰው በአየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ባትሪያችሁን ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ደረታችሁ ላይ ይዛችሁ ተኙ፣ አለበለዚያ ጠዋት ባዶ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

«ጭላዳ ይተናኮላል፣ ከሩቅ በረጅም ሌንስ ነው።» ጭላዳ ሣር በሊታ ዝንጀሮ ነው። ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድሮ ጠዋት ወደ ሜዳው ሲወጣ መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ፀሐይ ይሞቃል። እናንተም ራቅ ብላችሁ ቁጭ በሉ፣ አታብሉት፣ ዓይኑ ላይ አታፍጡበት። ትንሽ ቆይቶ ሣሩን እየነጨ ራሱ ይቀርባችኋል።

«ፀሐይዋ ደመቅ ስትል እንነሳ።» ይህኛው ለጥቆ ለሚመጣው ጉዳይ መግቢያ ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 12 እና ነሐሴ 16 አካባቢ፣ ፀሐይ አናታችን ላይ ትቆማለች። ነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም የሚፈታበት ቀን ነው። ደመናው ከገለጠላችሁ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ደጅ ቁሙና ጥላችሁን ፈልጉት፤ ጫማችሁ ሥር ነው። በሌላውም ወር ቢሆን የቀትር ፀሐይ ከፍ ያለች ናት። ይህ ብርሃን በሰው ፊት ላይ ሲወርድ ግንባርና አፍንጫ ይነጣሉ፣ ዓይን ግን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል።

ከውጭ ቪዲዮ የተማረው ልጅ ደግሞ «ወርቃማውን ሰዓት»፣ ፀሐይ ልክ ስትወጣና ልትጠልቅ ስትል ያለውን ብርሃን፣ እንጠብቅ ይለኛል። እዚያ አገር ፀሐይ አግድም ተንሸራታ ስለምትወጣ ያ ለስላሳ ብርሃን ይቆያል። እኛ ጋ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ እኔ በሰዓት ይዤ 25 ደቂቃ ቢሆን ነው። «ቁርስ በልተን እንውጣ» ያለ እንግዳ ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፈውን ዓሣ አጥማጅ በቀትር ብርሃን ያነሳል ማለት ነው። ያውም ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል፤ የደንገል ታንኳ የሚወደው የጠዋቱን ውኃ ነው።

አሁን ወደ ቁስሌ ልምጣ።

«ጥቁር ሰው ፎቶ አይወጣለትም።» ይህን ከሙሽራ ሰምቼዋለሁ፣ ከሚዜ ሰምቼዋለሁ፣ ባለሙያ ነኝ ከሚል ሰውም ሰምቼዋለሁ። ከሁሉ ያናደደኝን ግን ልንገራችሁ።

ጥር ላይ ነው፤ አንድ እንግዳ ይዤ ጮቄ ሥር ካለች መንደር ገባን። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ሳይጠይቅ አያነሳም። አንዲት እናት ቡልኮ ደርበው ደጃቸው ላይ ቆመዋል። «እማማ፣ ላንሳዎት?» አላቸው። ሳቁና ወደ ምራታቸው ጠቆሙት፦ «እኔን ትተህ ቀዩዋን አንሳት። እኔ ጥቁር ነኝ፣ አይወጣልኝም።» እንግዳዬ ለትሕትና ብሎ እንቢ አለ፤ እዚያው ፀሐይ ላይ እንደቆሙ አነሳቸውና ስክሪኑን አሳያቸው። ነጩ ቡልኮ እንደ አመድ ግራጫ ሆኗል። ከቡልኮው ሥር ያለው ፊት ዓይን የለው፣ አፍ የለው፣ ጥላ ብቻ ነው። እማማ አየት አደረጉትና «አልኩህ እኮ፣ ልጄ» አሉ። አላዘኑም። የሚያውቁትን ነገር አረጋገጠላቸው፣ በቃ። እኔ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የቆሙበት ቦታና የካሜራው ነበር፣ የፈረዱት ግን ፊታቸው ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራ ብርሃን ሲለካ የሚያየው ነገር ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ከፊት ለፊቱ ያለውን ጋቢና ነጠላ ከሞላው «ኧረ ብርሃኑ በዛ» ይልና ሁሉንም ያጨልመዋል። ጋቢው ግራጫ ይሆናል፣ ፊት ደግሞ አብሮ ጉድጓድ ይገባል። ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው ብታነሱ ተገላቢጦሹ ይሆናል። የሚለካው ማሽን ነው፤ የሰው ፊት መሆኑን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። አዳዲሶቹ ስልኮች ፊት ይለያሉ፣ እውነት ነው፤ አንዳንዶቹ ግን ለይተው ሲያበቁ ሳይጠየቁ ያነጡታል። ማስዋቢያውን አጥፉት።

መፍትሔው ዱቄት መቀባት አይደለም። ፍላሽም አይደለም፤ ፍላሽ ፊትን ሰሌዳ ያስመስለዋል። ሰውየውን ከፀሐይ አውጡት። እዚያ መንደር እንግዳዬን ካሜራህን ያዝ አልኩትና እማማን ወደ ቤት እንድንገባ ለመንኳቸው። በሩ አንድ ነው፣ መስኮት የለም፣ ውስጡ በጢስ የጠቆረ ነው። ከበሩ አንድ ክንድ ያህል ገባ ብሎ ባለው መደብ ላይ አስቀመጥኳቸው፣ ግራ ጉንጫቸው ወደ ደጅ። ፀሐዩ እሳቸው ላይ አይደርስም፣ የሰማዩ ብርሃን ግን በበሩ ይገባል። ቡልኳቸውን ከራሳቸው አውርጄ ጭናቸው ላይ ዘረጋሁት፤ ነጭ ጨርቅ ጭን ላይ ሲሆን ብርሃኑን ከሥር ወደ አገጭና ወደ ዓይን ይመልሰዋል። እኛ ሙያተኞች ለዚህ ሥራ ውድ አንጸባራቂ እንገዛለን፣ ጎጃሜው ግን ለብሶት ይዞራል። ከዚያ ብርሃኑን ፊታቸው ላይ ብቻ ለካሁ።

በስልክም ይሆናል፦ ጣታችሁን ፊቱ ላይ ጫን አድርጋችሁ ያዙት፣ ይቆለፋል፤ ከዚያ ያቺን ትንሽ የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሳቡ። ካሜራ የያዘ ደግሞ ፕላስና ማይነስ ያለበትን ቁልፍ ይፈልግ። ሰውየው ነጭ ከለበሰ ወደ ፕላስ፣ ግን በጥቂቱ፤ የጋቢው ጥለት እስኪጠፋ አትሂዱ።

ጥቁር ቆዳ ላይ ቅርጹን የሚያወጣው ወዙ ነው። ነጣ ባለ ፊት ላይ ቅርጽ የምታዩት በጥላው ነው፤ በጥቁር ፊት ላይ ግን ብርሃኑ ጉንጭ አጥንቱን፣ የአፍንጫውን ጎን፣ የግንባሩን መስመር እየነካ ሲያልፍ የሚያበራው ወዝ ነው የሚስለው። ብርሃኑን ከጎን አምጡለት ብቻ። እማማ ፎቶ ላይ የበሩ ብርሃን ከግራ ጉንጫቸው ወርዶ አንገታቸው ላይ ሲደርስ ንቅሳታቸው ብቅ አለ፤ ሦስት ረድፍ፣ መሐሉ ላይ ጥቁሩ ማተብ። ደጅ ላይ ቆመው ሳለ እኔ ራሴ ንቅሳት እንዳላቸው አላየሁም ነበር።

ይህ እምነት ከሰማይ አልወረደም። በፊልም ዘመን ፎቶ የሚያጥቡ ማሽኖች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት ከኮዳክ በሚመጣ ናሙና ነበር፤ ናሙናው ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት፣ ስሟም «ሸርሊ» ይባል ነበር። የሸርሊ ቆዳ ካማረ ማሽኑ ደኅና ነው ማለት ነው። በዚያ የታጠበ ጥቁር ፊት ጭቃ መስሎ ሲወጣ «ያንተ ፊት ነው» ተባልን፣ አመንን። ማሽኑ ከተጣለ ቆየ፤ አባባሉ ግን እኛው ቤት ቀረ።

የእኔ ንዴት ደግሞ የግሌ ምክንያት አለው። እናቴ ያረፈች ዓመት እኔ ስሜን ነበርኩ። ለሙት ዓመቷ ወንድሜ አንድ ያማረች ፎቶዋን ይዞ ትልቅ አድርገው እንዲያትሙለት ወደ አንድ ፎቶ ቤት ወሰደ። ሲያመጣው ፊቷ እንደ ወተት ነጭ ነው፣ የአንገቷ ንቅሳት ታጥቦ ጠፍቷል፣ ግንባሯ ላይ የነበረችው ጠባሳም የለችም። ሰውየው «አሳምሬላችሁ ነው» አለ፣ ለማሳመሪያውም ሂሳብ ጨመረ። ፎቶው ድንኳኑ ውስጥ ጧፉ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ የእናቴ ታላቅ እኅት ከገጠር መጥታ ፊቱ ቆመች። ብዙ ቆየች። ቀና ብላ እኔን «ይቺ የማን ናት?» አለችኝ። ሌላ ማተሚያ ጊዜ አልነበረም፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሌላ ሴት ፊት ሲያለቅስ ዋለ።

ስለዚህ «ትንሽ አቅላኝ» የሚለኝን ሙሽራ ብርሃኑን አስተካክላለሁ እለዋለሁ፤ ፊቱን ግን አልነካም። ሌላ ቦታ ሂድ ካልኳቸው ውስጥ ሁለቱ ተመልሰው መጥተዋል፣ ሌሎቹ ተቀይመውኝ ቀርተዋል።

አንድ ተያያዥ ነገር ላንሳ። «የገጠር ሰው ፎቶ ለመነሳት ብር ይፈልጋል» የሚሉ አሉ። መኪና በሚቆምበት ሁሉ ብር የለመዱ ልጆች አሉ፣ ያስለመዷቸውም እንግዶቹ ናቸው። ከመንገዱ ትንሽ ገባ ስትሉ ግን የምትጠየቁት «ታመጣልኛለህ?» ነው። እሺ ብሎ መጥፋት ከብሩ የባሰ ዕዳ ነው። እኔ ያነሳሁትን የሰው ፊት ሁሉ አሳትሜ፣ ሹፌር ባገኘሁ ቁጥር እልካለሁ።

የእማማንም ሳሳትም ፖስታው ላይ በትልቁ «ፊቱ አይነካ» ብዬ ጽፌ ለፎቶ ቤቱ ልጅ ሰጠሁ። ልጁ ሲመልስልኝ ነጥተዋል። «በነጻ ነው ያስተካከልኩት» አለኝ፣ ደስ ብሎት። ንቅሳቱ እንደገና የለም። አጠገቡ ቆሜ በድጋሚ አሳተምኩት።

ከፋሲካ በኋላ መንገዱ ሲከፈት ራሴ ይዤላቸው ሄድኩ። እማማ ፎቶውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉት፤ ንጹሕ ነበር፣ እንዲያው ነው። ወደ በሩ ይዘውት ወጡና ብርሃን ላይ አዩት። «ንቅሳቴም አለ» አሉ። ከዚያ በአጥሩ በኩል ወደ ጎረቤታቸው ተጣሩ፦ «ነይ ውጪ እንጂ! ከእኔ አትጠቁሪ!»

ሴትዮዋ ብቅ ብላ እኔንም ፎቶውንም ካሜራውንም አየች። «ቆይ፣ ነጠላዬን ልቀይር» ብላ ተመልሳ ገባች።