ኤረንአምት ምንድን ነው?

ደመወዝ የሌለው የሕዝብ ሥራ ነው። ጀርመን ውስጥ የትንሽ መንደር ከንቲባ ወይም የምክር ቤት አባል ስትሆን እንጀራህን አትለቅም። አናጢ ከሆንክ ቀን እንጨትህን ስትጠርብ ትውላለህ፣ ማታ ስብሰባ ትገባለህ። አበል ቢጤ አለው፣ ለባከነብህ የሥራ ሰዓትም ማካካሻ ይሰጥሃል፣ ግን ቤት የሚያስተዳድር ገንዘብ አይደለም።

አሠራሩ የቆየ ነው፣ ከ1945 በኋላ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ግን ሸክሙ ከበደ። ናዚ የነበሩ ሹማምንት ከወንበራቸው ተነሱ፣ ከተሞቹ ፈርሰዋል፣ ከምሥራቅ የተፈናቀለውም ሕዝብ በ1950 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ብቻ 8 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ ነበር። ይህ ሁሉ ሰው የት ይደር? ውኃው፣ ፍሳሹ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትስ? እዚህ ላይ ከተናጋሪው ይልቅ ቧንቧ የሚገጥመው ሰው ይጠቅማል።

እንግሊዞች በያዙት ክፍል ሥራው ለሁለት ተከፈለ። ከንቲባው ያለ ደመወዝ ምክር ቤቱን ይመራል፣ ጽሕፈት ቤቱን ደግሞ ደመወዝተኛ ዳይሬክተር። ኖርድራይን ቬስትፋለንና ኒደርዛክሰን የተባሉት የጀርመን ክፍለ ግዛቶች ይህን እስከ 1990ዎቹ ይዘውት ቆዩ።

ከእጅ ሙያ ተነስቶ ትልቅ ደረጃ የደረሰው ቪልሄልም ካይዘን ነው። ሙያው የግድግዳ ልስን ነበር፣ ከናዚዎች በፊትም ፖለቲካ ውስጥ ነበረ። በ1945 አሜሪካኖች ከእርሻው ጠርተው አመጡት፣ ብሬመንንም እስከ 1965 መራ። የእሱ ሹመት ኤረንአምት አልነበረም፣ ደመወዝ ነበረው፤ ግን እየመራም ከተማው ዳር ያለው እርሻው ላይ ይኖር ነበር።

የመንደሩ ባለሙያ ግን ሌላ ፈተና አለበት። ምክር ቤቱ የትምህርት ቤቱን ማሞቂያ ማን ይሥራ ብሎ ሲወያይ፣ ከተጫራቾቹ አንዱ እዚያው የተቀመጠው አባል ሊሆን ይችላል። ሕጉ እዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም። ጥቅሙ በቀጥታ ያለበት አባል አይወያይም፣ ድምፅም አይሰጥም። ከወንበሩ ይነሳል፣ ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ሄዶ ከታዳሚው ጋር ይቀመጣል። ጎረቤቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ የራሱ ጉዳይ ሲወሰን ያያል ማለት ነው፤ እኔ ከሁሉም ይሄ ደስ ይለኛል።

ግን «ያለ ደመወዝ» ሲባል አንድ ሰው መክፈሉ አይቀርም። በዚያ ዘመን ከፋይዋ ብዙ ጊዜ ሚስት ነበረች። ባልየው ስብሰባ ሲሮጥ ደረሰኝ የምትጽፈው፣ ስልክ የምታነሳው፣ ደንበኛውን «ነገ ይመጣል» ብላ የምትሸኘው እሷ ናት። ምስጋናው ለእሱ፣ ሒሳብ መዝገቡ ለእሷ። ዛሬ አንዳንድ መንደሮች ለከንቲባነት የሚወዳደር ሰው አጥተው ይቸገራሉ። አንዱ ምክንያት ሚስትየዋ አሁን የራሷ ሥራ ስላላት ይመስለኛል።