እግር ከቁርጭምጭሚት አልነሳ ሲል፦ ስለ ፉት ድሮፕ የምንሰማውና እውነታው

ፉት ድሮፕ የእግርን ጫፍ ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ ማንሳት አለመቻል ነው። ሰውየው ሲራመድ የጫማው አፍንጫ አስፋልቱን ይፍቃል። ላለመደናቀፍ ሲል ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ጉልበቱን ከፍ ያደርጋል፤ ሲያሳርፈው ደግሞ እግሩ መሬቱን ጧ አድርጎ ይመታዋል። ነጠላ ጫማማ አይታሰብም፤ ትንሽ ሳይራመዱበት ከእግር ይወልቃል።

እኔ ከጉልበቴ በታች ተሰብሬ ነርቭ ከተጎዳብኝ ጀምሮ ከዚህ ጋር እኖራለሁ። ሥራዬ ፒያሳ ነው። ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ስወርድ፣ ለገሃር ታክሲ ስጠብቅ፣ አካሄዴን ያየ ሁሉ ይመክረኛል። ምክሩ ከደግ ልብ ነው። ችግሩ፣ ከፊሉ ሰውን ወራት ያስበላል፤ ይህ ሕመም ደግሞ አንዳንዴ ያን ያህል ጊዜ አይሰጥም።

«ብርድ ነው፣ ሲሞቅ ይለቃል»

ብርድ አይደለም። ከጉልበታችሁ በታች፣ በውጭ በኩል፣ ጎላ ያለች አጥንት አለች። በጣታችሁ ዳስሷት። የእግርን ጫፍ የሚያነሱትን ጡንቻዎች የሚያዘው ነርቭ በዚያች አጥንት አንገት ዙሪያ ተጠምዝዞ ያልፋል። ከላዩ ቆዳ እንጂ ሌላ መከታ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በቀላሉ ይጨፈለቃል። እግር አነባብሮ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ፣ ቁጢጥ ብሎ መዋል፣ የጠበቀ ጀሶ፣ በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ መቀነስ፣ ሁሉም ይጎዱታል።

ነርቩ ጫና ብቻ ደርሶበት ከሆነና ጫናው ከተነሳ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል። ግን ምንጩ ወገብ፣ ስትሮክ፣ ስኳር ወይም የሥጋ ደዌም ሊሆን ይችላል። የሥጋ ደዌ ከሆነ ብዙ ጊዜ የደነዘዘና ቀለሙ የለቀቀ ቆዳ አብሮ ይታያል። ይህ ዛሬ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ የሚያሳፍርም የሚያስደብቅም አይደለም። በጊዜ ከተያዘ የነርቩ ጉዳት ራሱ ሊመለስ ይችላል።

የእግሩ ድክመት በድንገት መጥቶ አፍ ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ ወይም ንግግር ከተሳሰረ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ሁለቱም እግር ከደከመ፣ ብልት አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንት አልወጣ ካለም በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ሂዱ።

ለማሞቅ ብላችሁ የደነዘዘ እግር ትኩስ ውሃ ውስጥ አትክተቱ። ፍልውሃ የምትሄዱም ብትሆኑ ሙቀቱን አስቀድማችሁ በእጃችሁ ለኩት። እግሩ ሲቃጠል አይነግራችሁም።

«ወጌሻ ያስተካክለዋል»

ወጌሻ የሚያውቀው አጥንትና መገጣጠሚያ ነው። የተጎዳ ነርቭ ግን ወደ ቦታው የሚመለስ ነገር አይደለም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ከጉልበት በታች አጥብቆ ማሰሩ ነው፤ ያቺን አጥንትና ነርቩን አብሮ ያስራል። ጠበል ለሚሄድ ሰው ደግሞ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ሂዱ፣ መድኃኒታችሁንና የሐኪም ቀጠሯችሁን ግን አታቋርጡ።

«ዲስክ ነው፣ ኤምአርአይ ተነሳ»

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው እዚህ ጋ ነው። ወገቡን ኤምአርአይ ይነሳና «ዲስክህ ተንሸራቷል» የሚል ወረቀት ይዞ ይወጣል። ነገር ግን ምንም የማያማቸው ሰዎች ወገብ ላይም የዲስክ መንሸራተት ይታያል። ምስሉ ላይ መታየቱ ብቻውን እግሩን የጣለው እሱ ነው ማለት አይደለም።

ጥሩ ሐኪም ከማሽኑ በፊት እግሩን ራሱን ይመረምራል። «እግርህን ወደ ውስጥ አዙር» ሲላችሁ ዝም ብሎ አይደለም። ወደ ላይ ማንሳት አቅቷችሁ ወደ ውስጥ ማዞሩ ግን ጠንካራ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ጉልበቱ ነርቭ ያዘነብላል። ሁለቱም ከደከሙ፣ በተለይ ከወገብ ተነስቶ እስከ እግር የሚወርድ ሕመም ካለ፣ ወገብ ይጠረጠራል። ወገብ ከሆነና ድክመቱ ከበረታ ቶሎ ከቀዶ ሐኪም ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

የነርቭ ምርመራ አለ፤ ኢኤምጂ ይሉታል። የነርቩን ፍጥነት ይለካል፣ በቀጭን መርፌም የጡንቻውን ሁኔታ ያያል። ጉዳቱ የት እንደሆነና ምን ያህል እንደከፋ ይናገራል። በመጀመሪያው ሳምንት ከተሠራ ግን ብዙ ሊደበቅ ይችላል፤ የጡንቻው ለውጥ በደንብ የሚታየው ከ3 ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ቸኩሎ አሠርቶ «ደህና ነው» የተባለ ሰው ካለ ይድገመው።

«ኒውሮቢዮን ተወጋ»

ኒውሮቢዮን ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 የሚባሉ ቫይታሚኖች ያሉበት መርፌ ነው። ቢ12 ያነሰበት ሰው ይጠቀማል። ያላነሰበት ሰው የተጨፈለቀ ነርቭ በቫይታሚን አይላቀቅም። ቢ6 ለረጅም ጊዜ ሲበዛ እንዲያውም ነርቭ ይጎዳል። መርፌውን ደግሞ ሰፈር ውስጥ በዘፈቀደ አትወጉ፤ መቀመጫ ላይ ቦታውን የሳተ መርፌ ዋናውን የእግር ነርቭ ሊመታ ይችላል። በሕፃናት ላይ ፉት ድሮፕ ከሚያመጡ ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

«ድጋፍ ካደረግክ እግርህ ይሰንፋል»

ይህን ስሰማ ያመኛል፤ ስንቱን ሰው ያስወድቃል። ባለሙያዎች ኤኤፍኦ የሚሉት ከባት ጀርባ ተነስቶ በውስጥ እግር ሥር የሚገባ ድጋፍ ነው፤ አብዛኛው ከፕላስቲክ ይሠራል። ነርቭ የማያዘው ጡንቻ ድጋፍ ስላደረጋችሁ አይሰንፍም፤ ትእዛዝ ስላልደረሰው ነው የሰነፈው። ድጋፉ ከመውደቅ ይጠብቃችኋል፤ የተረከዝ ጅማትም እንዳያጥር ያግዛል። ጅማቱ ካጠረ ነርቩ ቢመለስ እንኳ እግሩ አይነሳም።

ስለዚህ ድጋፉም ስፖርቱም አብረው ይሄዳሉ። እግራችሁን ዘርግታችሁ ተቀመጡ፤ ነጠላ ወይም ፎጣ ከጣቶቹ ሥር አዙራችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡ፤ 30 ሰከንድ ያዙት፤ ደጋግሙት። ማታ ከባድ ብርድ ልብስ የእግሩን ጫፍ ወደ ታች እንዳይጫነው ከግርጌ በኩል ላላ አድርጉት።

ጫማውን በተመለከተ፦ ክር ያለው፣ አፉ ሰፋ ብሎ የሚከፈት ይሁን፤ ድጋፉ ቦታ እንዲያገኝ ውስጡ ያለውን ሶል አውጡት። የመርካቶ ነጋዴ «ይለምዳል» ቢላችሁም የጠበበ አትግዙ። ከድጋፉ ሥር ረጅም የጥጥ ካልሲ ልበሱ። ማታ ድጋፉን ሲያወልቁት ቆዳውን በደንብ ማየት ያስፈልጋል። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ያልጠፋ ቅላት ካለ ድጋፉን ለሠራው ባለሙያ መልሱት፤ ያስተካክልላችኋል። ስኳር ያለበት ሰው ይህን አንድም ቀን መዝለል የለበትም።

የተጎዳው ቀኝ እግራችሁ ከሆነ ሐኪም ሳይፈቅድ መኪና አትንዱ። ፍሬኑ ያለው በዚያ እግር ነው።

«ማሽኑ ነርቩን ይቀሰቅሰዋል»

በኤሌክትሪክ እግር የሚያነሳው መሣሪያ የሚሠራው ችግሩ አንጎል ወይም ህብለ ሰረሰር ላይ ሆኖ የእግሩ ነርቭ ራሱ ጤነኛ ሲሆን ነው። ከስትሮክ በኋላ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። ነርቩ ጉልበት ጋ ከተበጠሰ ግን መሣሪያው ማዘዣ ሽቦ የለውም። ከመክፈላችሁ በፊት የእናንተ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

«ዓመት ካለፈው አበቃለት»

ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው ሰው የሚያምነው። የተጎዳ ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። ጡንቻውም ለዘላለም አይጠብቀውም፤ ከ12 እስከ 18 ወር ሳይታዘዝ ከቆየ ነርቩ ቢደርስም አይቀበለውም። ስለዚህ ነርቩን የማላቀቅ ወይም የመስፋት ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ውስጥ ቢወስን ይሻለዋል። «እስቲ ትንሽ ልይ» ማለት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ያ ጊዜ ካለፈ ሌላ መንገድ አለ፤ ጅማት ማዛወር። እግርን ወደ ውስጥ የሚያዞረው ጡንቻ ጠንካራ ከሆነ ጅማቱ ተነስቶ በእግሩ ላይኛው ፊት ይተከላል፤ እሱ እግሩን ያነሳል። ይህ ዓመታት ካለፉም በኋላ ይሠራል። የሥጋ ደዌ ነርቫቸውን ለጎዳባቸው ሰዎች ለረጅም ዘመን ሲሠራ የኖረ ነው።

እንደ ድሮው ግን አያደርግም። እግሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል እንጂ ብዙ ወደ ላይ አይሄድም። 6 ሳምንት ገደማ ጀሶ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ጡንቻው አዲሱን ሥራ እስኪማር በፊዚዮቴራፒ ወራት ይፈጃል። ታዲያ ሰው ለምን ይመርጠዋል? ብዙው በባዶ እግር ለመሄድ ነው። ድጋፍ የሚሠራው ከጫማ ጋር ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ሲገባ ጫማ ይወልቃል። ካልሲ ብቻ አድርጎ በድጋፍ መራመድ ያንሸራትታል። ቤት ውስጥም፣ ሌሊት ወደ መታጠቢያ ቤት ሲኬድም ያው ነው።

እኔ ለጊዜው ድጋፉን ይዤ እቆያለሁ፤ ስድስት ሳምንት ከሥራ መቅረት አሁን አይሆንልኝም፤ ወደ ውስጥ የሚያዞረው ጡንቻዬም ደህና ስለሆነ በሩ አልተዘጋብኝም። እናንተ ቀዶ ሐኪሙ ዘንድ ስትገቡ እነዚህን ጠይቁ፦ የሚዛወረው ጡንቻ ጥንካሬ ተለክቷል? ቁርጭምጭሚቴ በእጅ ሲገፋ ወደ ላይ ይታጠፋል ወይስ የተረከዙ ጅማት መርዘም አለበት? ጀሶው ሲወልቅ ፊዚዮቴራፒውን ማን ይሰጠኛል፣ በሳምንት ስንት ጊዜ? ለቤተሰብም አንድ ጥያቄ አለ፦ እነዚያን 6 ሳምንታት ፎቅ ላይ ላለ ሰው ደረጃውን ማን ያወርደዋል?