ቴምፕሌትን ወደ አርጂቢ መቀየር ምንድን ነው?

ዎርድ ላይ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ደጋግሞ የሚጽፍ ሰው ቴምፕሌትን ያውቀዋል። አርማው፣ ኅዳጉ፣ ፎንቱ አንዴ ተስተካክሎ ይቀመጣል። ፋይሉን ሁለቴ ሲጫኑት የሚከፈተው እሱ ራሱ ሳይሆን በእሱ ልክ የተሠራ አዲስ ሰነድ ነው። የፋይሉ ስም ድሮ በ«ዶት» ያልቅ ነበር፤ ከዎርድ 2007 ወዲህ «ዶትኤክስ» ሆኗል። ዶትኤክስ ሲበረበር ዚፕ ነው። ውስጡ ያለው ጽሑፍና ትእዛዝ ነው፦ ይህ ርዕስ ነው፣ ይደምቅ፤ ያኛው ወደ ቀኝ ይጠጋ።

አርጂቢ ደግሞ ምስልን በቀለም ቁጥር የሚያስቀምጥ ዓይነት ነው፤ ትእዛዝ የሚባል ነገር አያውቅም። ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ለእያንዳንዷ ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ ለተሠራባት ጥቃቅን ነጥብ፣ ሦስት ቁጥር ይሰጣል፤ ለቀይ፣ ለአረንጓዴ፣ ለሰማያዊ። ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ ከ0 እስከ 255 ነው። ሦስቱም 255 ከሆኑ ነጭ፣ ሦስቱም 0 ከሆኑ ጥቁር። የ«ሀ»ን ጠርዝ በጣም አቅርባችሁ ብታዩት በመሃል ግራጫ ፒክስሎች ታገኛላችሁ፤ ኩርባው እንዳይሸራረፍ የተጨመሩ ናቸው። አራተኛ ቁጥር ሲመጣ አርጂቢኤ ይባላል። እሱ ፒክስሏ ከኋላዋ ያለውን ምን ያህል እንደምታሳይ ይናገራል።

እንግዲህ «መቀየር» ይባል እንጂ ሥራው መሳል ነው። ፕሮግራሙ ሰነዱን ሊያትም እንደተዘጋጀ ሁሉ ገጽ በገጽ ያሰናዳል፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ፒዲኤፍ ያደርገዋል። ከዚያ ገጹን በፒክስል ይሞላል። ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ሌላ ይተካበታል፣ መስመሩ ይዛነፋል፣ ሲብስም ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ቁጭ ይላል። አንዴ ከተሳለ በኋላ ደግሞ ስም የሚሞላበት ቦታ የለም፣ ማክሮ (ሥራን በራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) የለም፣ የፊደል ግድፈት ማረም የለም።

መጠኑም ጉድ ነው። አንድ ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲሳል 2480 በ3508 ፒክስል ይሆናል። በሦስት ባይት ስታባዙት ወደ 26 ሜጋባይት ይጠጋል፤ አርጂቢኤ ከሆነ ወደ 35። ገጹ ባዶ ቢሆንም ያው ነው፤ ጥሬ አርጂቢ ምንም ነገር አያምቅም።

ለእኔ የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ጥሬው ፋይል ስፋቱን እንኳ አያውቅም። ቁጥሮቹ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተሰልፈዋል፣ በቃ። የት ላይ አዲስ መስመር እንደሚጀመር የምትነግሩት እናንተ ናችሁ። በ2480 ፈንታ 2479 ብትሉ እያንዳንዱ መስመር በአንድ ፒክስል ይንሸራተታል፤ ቀጥ ብሎ የቆመ የሠንጠረዥ መስመር 45 ዲግሪ ያዘነብላል። አርጂቢኤውን አርጂቢ ብላችሁ ብትከፍቱት ደግሞ ቀለሙ ሁሉ ይመሰቃቀላል። በዚሁ «አርጂቢ» በሚል የፋይል ቅጥያ የሚጠራ፣ ሲሊከን ግራፊክስ የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ የቆየ ፎርማት አለ፤ እሱ እንኳ ስፋቱን መግቢያው ላይ ይጽፋል። ስሙ አንድ ነው ብላችሁ አንዱን በሌላው ቦታ እንዳትከፍቱ።

እኔን ያደከመኝ አራተኛው ቁጥር ነው። አንድ ፎርም ወደ አርጂቢኤ ቀይሬ ስከፍተው ድፍን ጥቁር። ፋይሉ ተበላሸ ብዬ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ለካ ወረቀቱ ነጭ ሳይሆን ከኋላው ያለውን የሚያሳይ ሆኖ ነው የተሳለው፤ የምስል መክፈቻዬ ጀርባ ደግሞ ጥቁር ነበር። ጥቁር ጽሑፍ በጥቁር ላይ ማን ያየዋል? ከኋላው ነጭ ጀርባ ሳስገባለት ፎርሙ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ለማተሚያ ቤት ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ሲኤምዋይኬ (ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር) ነው፤ እሱ ከብርሃን ሳይሆን ከማተሚያ ቀለም ይነሳል። ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ወረቀት ላይ ደብዘዝ ቢል አትደንግጡ።

ለሰው የምትልኩት ምስል ከሆነ ፒኤንጂ ይበቃችኋል፤ ያው አርጂቢ ነው፣ ግን ታምቆ፣ ስፋቱንም ይዞ። ጥሬውን የሚፈልገው ፒክስሎቹን በቀጥታ የሚበላ ፕሮግራም ነው፤ ለምሳሌ ፊደል የሚለይ፣ ወይም ምስሉን ሳይፈታ ለግራፊክስ ካርድ የሚያቀብል።