ባሕር ከጠለቁ በኋላ በአውሮፕላን ሳይበሩ ስንት ሰዓት ይቆያሉ?

ውጭ አገር እየተማሩ ባሕር መጥለቅ ለጀመሩ የጎጃም ልጆች፣ ለእረፍት ሲመለሱ ግራ የሚያጋባው ይህ ደንብ ነው። ውኃ ውስጥ የሚተነፍሱት ናይትሮጅን በግፊት ደምና ሥጋ ውስጥ ይገባል። ግፊቱ ቶሎ ሲቀንስ እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ይሠራል፤ መገጣጠሚያ ያማል፣ ሲብስም ሽባ ያደርጋል። ስለዚህ አንዴ ብቻ ከጠለቁ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግመው ወይም በተከታታይ ቀናት ከጠለቁ ቢያንስ 18 ሰዓት ይቆዩ። ወደ ላይ ሲወጡ ውኃው ውስጥ የግድ ቆም ማለትን የሚጠይቅ ጥልቀት ከነበረ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ለመጨረሻ ጊዜ ከውኃ ከወጡበት ጀምሮ ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት መኪናውን ነው። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይቀራረባል፤ ባሕር ዳር 1,800፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ናቸው። ጅቡቲ ጠልቆ በመኪና ወደ ደጋ የሚወጣም ያንኑ ያህል ይጠብቅ።